ከዝናብ እስከ ንዳድ፤ የወባን ወረርሽኝ አስቀድሞ የማወቅ ሳይንስ

በ1950 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ ወይና ደጋ ያልለመደው በሽታ ገባበት። ዝናቡ ከወትሮው በዝቶ፣ ሙቀቱም ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ወባ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ወረርሽኙን ያጠኑ ባለሙያዎች ታማሚውን 3 ሚሊዮን፣ ሟቹን 150 ሺህ ያህል አድርገው ገምተውታል። ቆላ ወርዶ ካልተመለሰ በቀር ንዳድ የማያውቅ ደገኛ፣ ሰውነቱ በሽታውን የሚቋቋምበት አቅም አልነበረውም።

ከዚያ ዘመን ወዲህ አንድ ጥያቄ አለ። ያን ዓመት ዝናቡን ሁሉም አይቶታል፤ ሙቀቱም ሁሉንም ተሰምቶታል። እነዚህን ምልክቶች ደምሮ «ከሁለት ወር በኋላ ወባ ይመጣል» ማለት ይቻል ነበር? የዛሬው ሳይንስ መልስ፦ አዎ፣ ይቻላል። የሚቻለው ግን አንድ ነገር ከተሟላ ነው፤ እሱም በየቀበሌው የታመመውን ሰው በትክክል የሚቆጥር መዝገብ ነው።

በሽታው ራሱ የሚሰጠን ጊዜ

ወባን መተንበይ የሚቻለው መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው። ዝናብ ጥሎ ውሃ ሲያቁር ትንኝ እንቁላሏን ትጥላለች። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ትንኟ በሽታው ያለበትን ሰው ስትነክስ የወባውን ተውሳክ ከደሙ ጋር ትወስዳለች። ይሁን እንጂ በዚያው ዕለት ለሌላ ሰው አታስተላልፍም፤ ተውሳኩ በሆዷ ውስጥ መብሰል አለበት። ከበሰለ በኋላ የነከሰችው ሰውም ትኩሳት እስኪጀምረው ድረስ ሌላ አንድና ሁለት ሳምንት ያልፋል። ተደምሮ ሲታይ ከዝናቡ እስከ ንዳዱ ከአንድ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ጊዜ አለ ማለት ነው።

ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ ወሳኙ፣ ተውሳኩ በትንኟ ሆድ ውስጥ የሚበስልበት ጊዜ ነው፤ የሚወስነውም ሙቀት ነው። ፋልሲፓረም ለተባለው ገዳይ የወባ ዓይነት ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያለው የየቀኑ ሙቀት ተደምሮ 111 ሲሞላ ተውሳኩ ይበስላል። አማካይ ሙቀቱ 18 ዲግሪ በሆነ ደጋ በየቀኑ የሚደመረው 2 ብቻ ስለሆነ 56 ቀን ያህል ይፈጃል። በ20 ዲግሪ 28 ቀን፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ 12 ቀን ያህል ይበቃዋል።

አሁን የትንኟን ዕድሜ እናስገባ። ከ10 ትንኞች በየቀኑ አንዷ ትሞታለች እንበል። በ18 ዲግሪ፣ ከ1000 ትንኞች ተውሳኩ እስኪበስል በሕይወት የሚቆዩት 3 ብቻ ናቸው። በ20 ዲግሪ ከ50 በላይ ይሆናሉ። በ25 ዲግሪ ከ270 ያልፋሉ። ሰው ልብሱን እንኳ የማይቀንስላት የ2 ዲግሪ ለውጥ፣ አደገኛ ትንኞችን ከአሥር እጥፍ በላይ ታበዛለች። የ1950 ዓ.ም. ደገኛ በሞቀና በዘነበ ዓመት የደረሰበትን መከራ ለመረዳት ይህን ስሌት ማየት ይበቃል።

ከስሌት ወደ ትንበያ

በሽታን በሒሳብ የማየት መንገድ ከተሠራባቸው ቀደምት በሽታዎች አንዱ ይኸው ወባ ነው። ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ አገር ሳለ ተውሳኩን በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ፤ በ1902 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ከዚያ በኋላ ስለ ትንኞች ብዛትና ስለ ታማሚዎች ብዛት ቀመር ጻፈ። ቀመሩ ያሳየው ትልቅ ነገር፣ ወባን ለማጥፋት እያንዳንዷን ትንኝ መግደል እንደማያስፈልግ ነው። ቁጥራቸው ከአንድ ወሰን በታች ከወረደ በሽታው ራሱን መተካት ያቅተዋል።

ቀመሩን ወደ ሥራ ለመለወጥ ግን መረጃ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በሕንድና በፓኪስታን ተከፍሎ ባለው ፑንጃብ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የጤና ባለሙያዎች በየዓመቱ የወባ ትንበያ ያወጡ ነበር። ያን ጊዜ ኮምፒውተርም ሳተላይትም አልነበረም። የያዙት የሐምሌና የነሐሴን የዝናብ መጠን፣ የእህልን ዋጋ፣ እንዲሁም ጣፊያቸው ያበጠ ሕፃናትን ብዛት ነበር። ጣፊያ የሚያብጠው ወባ ሲደጋገም ስለሆነ፣ ያበጠ ጣፊያ ያላቸው ልጆች ጥቂት በሆኑበት አካባቢ ሕዝቡ በሽታውን የመቋቋም አቅሙን አጥቷል ማለት ነው። የእህል ዋጋ ሲወደድ የተራበ ይበዛል፤ የተራበን ሰው ደግሞ ወባ በቀላሉ ይጥለዋል። መቶ ዓመት ያለፈው ይህ ዘዴ፣ ዝናቡን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ኑሮ አብሮ ስላየ ዛሬም ያስተምራል።

የዛሬዎቹ ሞዴሎች ይህንኑ ሐሳብ በብዙ ሺህ ቁጥር ይሠሩታል። ቴራና አኳ የተባሉት የናሳ ሳተላይቶች የመሬቱን ሙቀት ከሰማይ ይለካሉ፤ ሌሎች ደግሞ ዝናቡን፣ የዕፅዋቱን ልምላሜና የአፈሩን እርጥበት ያሳያሉ። በአማራ ክልል ኤፒደሚያ የተባለው ሥርዓት የተዘረጋው በዚህ መንገድ ነው፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የክልሉ የጤና ባለሙያዎች አብረው የሠሩት ሲሆን፣ የሳተላይቱን መረጃ ከወረዳዎቹ ሳምንታዊ የወባ ሪፖርት ጋር አጣምሮ የመጪዎቹን ሳምንታት ሁኔታ ይገምታል።

ኮምፒውተሩ የሚማረው እንዲህ ነው። የአንድ ወረዳ የብዙ ዓመት የታማሚ ቁጥር ከዝናቡና ከሙቀቱ ጎን ለጎን ይሰጠዋል። እሱም ዝናብ ከበዛ ከስንት ሳምንት በኋላ ታማሚ እንደሚበዛ ከቁጥሮቹ ውስጥ ፈልጎ ያወጣል። መልሱ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። በደረቅ ቆላ ዝናብ ትንኝን ያፈላል፤ በብርዳማ ደጋ ይበልጥ የሚወስነው ሙቀቱ ነው፤ ዶፍ በሚወርድበት ቦታ ደግሞ ጎርፉ የትንኟን ዕጭ ጠርጎ ይወስዳል። ሞዴሉ መማሩን ለማረጋገጥ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ይደብቁበታል፤ ቀደም ያሉትን ብቻ አይቶ የተደበቁትን እንዲገምት ይጠየቃል። ጥሩ ሞዴል ስንት ሰው እንደሚታመም አንድ ቁጥር ብቻ አይናገርም፤ «ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል» ብሎ የእርግጠኝነቱንም ልክ ያሳውቃል።

ጤና ኬላው ውስጥ

ይህ ሁሉ የሚነሣው ከአንዲት ትንሽ ክፍል ነው። በአንድ የወይና ደጋ ቀበሌ ያለ ጤና ኬላን እናስብ፤ ጊዜው ጥቅምት ነው። አንዲት እናት የሚንቀጠቀጥ ጎረምሳ ልጃቸውን ደግፈው ገቡ።

«ከትናንት ወዲያ ሌሊት ነው ብርድ ብርድ ያለው፣ ሲስተር።»

«ከአገር ወጥቶ ነበር እንዴ፣ እናቴ?»

«ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ነው የመጣው።»

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጣቱን ወጋ አድርጋ አንድ ጠብታ ደም መመርመሪያው ላይ ታደርጋለች። ሩብ ሰዓት ትጠብቃለች። ሁለተኛዋ ቀይ መስመር ብቅ ስትል መድኃኒቱን ትሰጠዋለች፤ ከዚያ መዝገቡ ላይ አንድ ጭረት ትጨምራለች። ከሰኞ እስከ እሑድ ያሉት ጭረቶች ተደምረው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞንና ወደ ክልል ይሄዳሉ።

ወረዳው ቁጥሩን የሚመዝንበት ዘዴ ማንም ሊሠራው የሚችል ነው። ያለፉት 5 ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥሮች በተርታ ይቀመጣሉ። ለምሳሌ 9፣ 14፣ 18፣ 22 እና 31 ቢሆኑ፣ ከላይ ሁለተኛው ማለትም 22 ወሰን ይሆናል። የዘንድሮው ቁጥር 22ን ካለፈ ደወሉ ይደወላል። ይህ እሳቱ መያያዙን የሚነግር ነው፤ ትንበያው ደግሞ እሳቱ ሳይያያዝ ይናገራል። ሁለቱም የቆሙት በዚያች ጭረት ላይ ነው።

ስለዚህ ከወሰን በላይ የሆነ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ባዶ ቦታም ያስፈራል። በጤና ሠራተኞች ቋንቋ «ዜሮ ሪፖርት» የሚባል ነገር አለ፤ በዚህ ሳምንት የታመመ የለም ብሎ ማሳወቅ ማለት ነው። ሪፖርት አለመላክ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። ጤና ኬላው በጦርነት ቢዘጋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ ወይም መመርመሪያው ቢያልቅ ወረቀቱ ላይ ታማሚ አይታይም፤ ሰው ግን በየቤቱ እየተንቀጠቀጠ ነው። ይህን ዝምታ እንደ ጤንነት የሚቆጥር ሞዴል በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ያሳስታል።

ሞዴሉ የማያየው

ብዙ መረጃ ማለት ትክክለኛ መረጃ ማለት አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሚፈልጉትን ቃል እያየ የኢንፍሉዌንዛን ስርጭት የሚገምት አገልግሎት ጀምሮ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2012 እና 2013 መካከል ባለው የአሜሪካ የብርድ ወቅት፣ ግምቱ የአሜሪካ የጤና ተቋም ከመዘገበው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ስለ ኢንፍሉዌንዛ የሚወራው ዜና ያስደነገጠውም ሆነ በሌላ ጉንፋን የተያዘው ሁሉ ያንኑ ቃል ይፈልግ ስለ ነበር ሳይሆን አይቀርም። አገልግሎቱ በ2015 ተዘጋ።

የእኛም አገር ወባ መልኩን እየለወጠ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ውስጥ ተገኘች። የምትራባው በከተማ፣ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አትጠብቅም። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ ወራት ወረርሽኝ ሲነሣ ጥናቶች ከእሷ ጋር አያይዘውታል። ዝናብን ብቻ እያየ የተማረ ሞዴል እሷን አያውቃትም። ሌላው ችግር፣ ፈጣን መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመነጩ ተውሳኮች በአገራችን መገኘታቸው ነው፤ በሽታው እያለ ሁለተኛዋ መስመር አትወጣም፣ ጭረቱም አይጨመርም። ከመተማ የመጣው ጎረምሳም ሌላ ነገር ያስታውሰናል፤ በሽታ ከሰው ጋር ይጓዛል፣ የቀበሌው ዝናብ ስለዚያ መንገድ ምንም አይናገርም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1157 ሰዎች ሞተዋል። ይህ ቁጥር ትንበያ የቅንጦት ጉዳይ እንዳልሆነ ያሳያል። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ማለት መድኃኒቱና መመርመሪያው መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ ወረዳ መድረስ ማለት ነው፤ አጎበሩ ከመጋዘን ወጥቶ አልጋ ላይ መዘርጋት፣ የቤት ውስጥ ርጭቱም ትንኟ ሳትበዛ መጠናቀቅ ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው አንዳንዴ ይስታል፤ ሆኖም ሳያስፈልግ የተዘረጋ አጎበር ለከርሞ ያገለግላል፣ ሳይዘረጋ ለቀረው ግን ካሣ የለውም።

አንድ ነገር ግን ሊታረም ይገባል። ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ላይ ብቻ ነው። ባለሙያዋ ጭረቷን ትልካለች፤ ከጭረቷ የተሠራው ትንበያ ተመልሶ እሷ ዘንድ ካልደረሰ፣ የምትቆጥረው ለቢሮ ወረቀት ብቻ ይመስላታል። «በቀበሌሽ በሚቀጥሉት ሳምንታት ወባ ሊበዛ ይችላል» የሚል መልእክት ስልኳ ላይ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ እኒያን እናት ስታገኛቸው ልጃቸውን ከማከም ሌላ የምትነግራቸው አላት፦ «እናቴ፣ ዘንድሮ ወባው ሊጠና ነው። ዛሬ ማታውኑ ልጆቹን አጎበር ውስጥ ያስተኟቸው።»