የባሕር ፍጥረት በግቢ ገንዳ፤ ከሐሩር የሚጠበቅበት ብልሃት

በአገራችን ሰማዩ ደመና ለብሶ ዝናብ በሚያወርድበት በሐምሌና በነሐሴ፣ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳር ባሉት የዓረብ አገሮች ሐሩሩ የሚበረታበት ጊዜ ነው። በጥላ ሥር እንኳ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። በነዚሁ አገሮች የባሕር ዓሣና ኮራል በመስተዋት ገንዳ አድርገው በግቢያቸው የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። ይህ ገንዳ አኳሪየም ይባላል። በዚያው አገር በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ብዙዎች ናቸውና፣ የቤቱ ጌቶች ሐሩሩን ሸሽተው ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ ገንዳውን የመጠበቁ ኀላፊነት በነርሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በአደራ የተሰጠ ነፍስ ያለው ፍጥረት በአንድ ሌሊት ሲያልቅ ማየት ደግሞ ለማንም ከባድ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ጥቅም አለው ብለን እናምናለን።

አስቀድሞ ኮራል ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ኮራል ለዓይን ድንጋይ ይመስላል እንጂ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ እንስሳት ተሰብስበው የሚኖሩበት ቤት ነው። በነዚህ እንስሳት ሥጋ ውስጥ ደግሞ አልጌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ፍጥረታት አሉ፤ በፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ አስተናጋጃቸውን ይመግቡታል፤ ቀለሙንም ያሳምሩለታል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ እነዚህን አልጌዎች ከሰውነቱ ያወጣቸዋል። ያን ጊዜ እንደ አጥንት ይነጣል፤ ሙቀቱም ቶሎ ካልበረደለት በረኃብ ይሞታል።

ይህ በገንዳ ብቻ ሳይሆን በባሕሩም የደረሰ ነገር ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. በበጋው ወራት በባሕረ ሰላጤው ደቡባዊ ክፍል የውኃው ሙቀት እስከ 35 ዲግሪና ከዚያም በላይ ደረሰ። በዚያ በተጠናው ስፍራ ከመቶው 94 እጅ ያህል ኮራል ነጣ፤ ከሦስት እጅም ሁለቱ እጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠፋ። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲመረምሩ፣ በዚያ በጋ ባሕሩን ዘወትር የሚያበርደው ነፋስ ደክሞ እንደ ነበረ አገኙ። ነፋስ ሲያንስ ውኃው እንደ ልማዱ አይተንም፤ ሳይተን ሲቀርም ሙቀቱ ከውስጡ አይወጣም። እንግዲህ ሰፊው ባሕር ነፋስ በማጣቱ ይህን ያህል ከተጎዳ፣ የሁለት መቶ ሊትር ገንዳ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው መገመት አያስቸግርም።

ብዙ ሰው ዓሣውን የሚገድለው ሙቀቱ ብቻ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ሙቀት ሌሎች ሁለት ጠላቶችን ይዞ ይመጣል።

አንደኛው የአየር ማነስ ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። የባሕር ውኃ በ20 ዲግሪ ሙቀት ጊዜ በአንድ ሊትር 7.4 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል፤ በ30 ዲግሪ ግን ከ6.2 ሚሊግራም ያህል አይበልጥም። የዓሣው ሰውነት ግን በሙቀት ጊዜ ሥራው ስለሚበረታ የበለጠ ኦክሲጅን ይፈልጋል። ይኸውም ገቢው ሲያንስ ወጪው እንደሚበዛበት ቤት ማለት ነው። በተለይም በሌሊት አልጌዎቹ ብርሃን ስለሌላቸው ኦክሲጅን መሥራታቸውን ትተው ራሳቸው ስለሚተነፍሱ፣ እጥረቱ የሚብሰው ሊነጋ ሲል ነው። ማታ ደኅና የነበረ ዓሣ ጧት ሞቶ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የጨው መብዛት ነው። ውኃ ሲተን ጨዉ አብሮ አይሄድም። በአንድ ሊትር 35 ግራም ጨው ያለበት የ200 ሊትር ገንዳ 20 ሊትር ቢተንበት፣ የቀረው ውኃ በሊትር ወደ 39 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ የጎደለው የሚተካው በጨው ውኃ ሳይሆን ጨው በሌለበት ንጹሕ ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት በቀጥታ አይጨመርም፤ ለገንዳ ተብሎ የተጣራውን መጠቀም ይገባል። እርሱንም በየቀኑ ጥቂት በጥቂት መጨመር እንጂ ሳምንት ቆይቶ በባልዲ መገልበጥ ፍጥረቱን ያስደነግጣል።

አሁን ወደ መጠበቂያው ብልሃት እንምጣ። የሞቀ ባሕር ዓሣና ኮራል በገንዳ የሚስማማቸው ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው፤ 30 ካለፈ አደጋ እንደ ቀረበ መቍጠር ይገባል። አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዳሉት፣ ሥራው ሁሉ ሐሩሩ ሳይገባ መጀመር አለበት።

የመጀመሪያው ነገር ጥላ ነው። ነጭ አቡጀዲ ወይም የዳስ ሸራ ከገንዳው በላይ ከፍ አድርጎ መወጠር፣ በመካከሉም ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት መተው ያስፈልጋል። ገንዳውን በመስተዋት ክዳን መክደን ግን ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ ይጎዳል፤ ዓሣው እንዳይዘል ከተፈለገ በመረብ መሸፈን ይሻላል።

ቀጥሎ ነፋስ ነው። ቬንትሌተር በውኃው ገጽ ላይ እንዲነፍስ ቢደረግ፣ ባሕሩን ነፋስ እንደሚያበርደው ገንዳውን ያበርደዋል። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት መቶ ሊትር ውኃን ከ5 ዲግሪ በላይ ለማብረድ የሚበቃ ነው። ይሁን እንጂ አየሩ ራሱ በእርጥበት የተሞላ እንደ ሆነ ውኃው በደንብ አይተንም። በባሕር ዳር ከተሞች በነሐሴ ይህ ስለሚያጋጥም፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የውኃ ማቀዝቀዣ መሣሪያ ማስገባት ወይም ፍጥረቱን አስቀድሞ ወደ ቤት ማዛወር ግድ ይሆናል።

ሦስተኛው አየር ነው። ፓምፑ ሌሊትም ሳይቋረጥ ውኃውን ማነቃነቅ አለበት። በሐሩር ወራት ምግብ መቀነስ ይገባል፤ የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ ለዓሣው የቀረውን ኦክሲጅን ይሻማልና።

ድንገት ሙቀቱ ቢወጣ፣ በላስቲክ ጠርሙስ የቀዘቀዘ በረዶ ክዳኑን አጥብቆ በውኃው ላይ ማንሳፈፍ ይቻላል። አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ ጠርሙስ የ200 ሊትር ገንዳን የሚያበርደው አንድ ዲግሪ እንኳ ለማይሞላ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሲሟሟ ሌላውን እየተኩ በዝግታ መሥራት ነው። በረዶውን ራሱን ወደ ውኃው መጣል ግን ጨዉን ያቀጥነዋል።

ከሁሉ በላይ መዘንጋት የሌለበት የሰው ሕይወት ነው። የጨው ውኃ ኤሌክትሪክን በኀይል ያስተላልፋል። ሶኬቱ ውኃ ከማይደርስበት ይሁን፤ ገመዱም ውኃ ተከትሎት ወደ ሶኬቱ እንዳይገባ በመካከሉ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። የኤሌክትሪክ መፍሰስ ሲኖር ራሱ የሚያቋርጥ መሣሪያ በመስመሩ ላይ ይደረግ። እጅን ወደ ገንዳው ከማስገባት በፊት መሣሪያውን ሁሉ ከሶኬት መንቀል ያስፈልጋል። ይህ ካልተሟላ የቤቱን ጌታ «አስቀድመው ይህን ያሠሩልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ኤሌክትሪክ ቢጠፋስ? በ1846 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር፣ ባለቤታቸው በለንደን የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ካህን የነበሩ አና ታይን የተባሉ ወይዘሮ ቶርኪ ከሚባል ባሕር ዳር ኮራል ወደ ለንደን አምጥተው ነበር። በዚያን ጊዜ ፓምፕም ኤሌክትሪክም በቤት አልነበረም። ነገር ግን ወጣት የቤት ሠራተኛቸው ውኃውን በተከፈተ መስኮት አጠገብ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ከዕቃ ወደ ዕቃ እያገላበጠች ታናፍሰው ስለ ነበረ ኮራሎቹ በሕይወት ቆዩ። ዛሬም ቢሆን ፓምፑ ሲቆም በንጹሕ ጆግ ውኃውን ከገንዳው እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ኤሌክትሪኩ እስኪመለስ ድረስ ብዙ ነፍስ ያተርፋል። ሳሙና የነካው ዕቃ ግን ፈጽሞ አይቅረብ።

በመጨረሻም ለገንዳው አንድ ደብተር ቢኖረው መልካም ነው። ጧት ሊነጋ ሲልና ከቀኑ በ9 ሰዓት ቴርሞሜትሩን አይቶ ቍጥሩን መጻፍ፣ የተጨመረውንም ውኃ መመዝገብ ይገባል። ዓሣዎቹ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ከታዩ ትንፋሽ አጥሯቸዋል ማለት ስለ ሆነ፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ አስቀድሞ ውኃውን ማናፈስ ነው። በባዕድ አገር እንዲህ ባለ ሥራ የተሰማራች እኅት ወይም ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ስትጽፉላት ወይም ስትደውሉላት ይህን ብትነግሯት፣ ለአደራዋም ለራሷም ደኅንነት ይጠቅማታል።