አኩፋዳ የሌላት ተማሪ

እሁድ ከሰዓት በኋላ በደቡብ ወሎ ሐይቅ ከተማ መግቢያ ላይ ለቆመ ሰው፣ ከገጠር ቀበሌ የሚመጡት ተማሪዎች በሸክማቸው ይለያሉ። በማዳበሪያ ከረጢት ድርቆሽ፣ በፌስታል የተቋጠረ ሽሮና በርበሬ፣ ጥቂት ቆሎ፣ አንዳንዴ ከሰል። የሳምንት ስንቅ ነው። ዓርብ ሲያልቅ በእግር ወደ ቤት፣ እሁድ ደግሞ ወደ ከተማ። በአምባሰሉ ውጫሌም ከዚህ የተለየ ነገር አይታይም። የገጠሩ ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ 8ኛ ክፍል ላይ ያበቃል፤ 9ኛ ክፍል ያለው ከተማ ነው፣ ከተማ ደግሞ ኪራይ ይጠይቃል።

ለእነዚህ ልጆች ስኮላርሺፕ ይሰጥ ሲባል፣ «የመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ አይደለም እንዴ? ታዲያ የምን ስኮላርሺፕ ነው?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነጻ አድርጓል። ያ ከረጢት ግን ነጻ አይደለም። ለገጠር ልጅ ስኮላርሺፕ ማለት የአንዲት ክፍል ኪራይ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ሳሙናና ሞዴስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁልፍ ያለው በር ነው። በሩን የምጠቅሰው በአጋጣሚ አይደለም። አባት ሴት ልጁን ከተማ ልኮ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው በሒሳብ ውጤቷ ተጨንቆ ሳይሆን ያንን በር እያሰበ ነው።

ወሎ ደግሞ ተማሪን መቀለብ አዲስ ነገር ሊሆንበት አይችልም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን የታወቀ የትምህርት ማዕከል ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስንት የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ የሚለምንበትን አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ኖሯል! በእስልምናው በኩልም ደረሳው ከሩቅ አገር መጥቶ ሸኹ ዘንድ ሲቀራ፣ የሚያበላው የመንደሩ ሰው ነበር። ቤቱን ጥሎ ለመማር የወጣን ድሃ ልጅ ማብላት ወግ ነው፤ ልጁም አያፍርም፣ ሰጪውም አይኩራራም። ስሙ ስኮላርሺፕ አልተባለም እንጂ ሥራው ያው ነው።

ይህ ሁሉ ግን ለወንድ ነበር። የሐይቅ ገዳም ዛሬም ሴት አያስገባም። ልጃገረድ አኩፋዳ አንግታ ከመንደር መንደር ብትዞር ኖሮ ምን ትባል እንደነበር መገመት አያቅትም። ስለዚህ ዛሬ ለገጠር ልጃገረድ የሚሰጠውን ድጋፍ ከባሕር ማዶ የመጣ ችሮታ አድርጌ አላየውም፤ ወንድሟ ለዘመናት ሲበላው የኖረ፣ ለእሷ ዘግይቶ የደረሰ ድርሻ ነው።

መንገዱን ከከፈቱት መካከል አንዷ የዚያው የአምባሰል ልጅ ናቸው። እቴጌ መነን የአምባሰሉ ገዥ የጃንጥራር አስፋውና የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የወይዘሮ ስሂን ልጅ ነበሩ። በ1903 ዓ.ም ለደጃዝማች ተፈሪ ከመዳራቸው በፊት ገና በልጅነታቸው ለሌላ ባል ተሰጥተው እንደነበር የታወቀ ነው። እኚህ በልጅነት የተዳሩ ሴት በ1931 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ አዳሪ ነበር። መኝታና ምግብ ካልተሰጠ ከሩቅ የምትመጣ ልጅ እንደማትማር ያኔም ግልጽ ነበር ማለት ነው። (በእናታቸው ስም የተሰየመውን የደሴውን ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ካነሣን ደግሞ፣ ከዚያ ወጡ እየተባሉ የሚጠሩት የተማሪዎች ንቅናቄ ታጋዮቹ ዋለልኝ መኮንንና ብርሃነ መስቀል ረዳ ናቸው። ስሙ የሴት፣ ዝናው የወንድ።)

አሁን ቁርጡ ያለው 8ኛ ክፍል ላይ ነው። ሚኒስትሪ የተፈተነች የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ክረምቱን ቤት ስትቀመጥ ሦስት መንገድ ይጠብቃታል፤ ከተማ ሄዶ 9ኛ መቀጠል፣ ባል፣ ወይም ዓረብ አገር። ሕጉ ግልጽ ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻ የፈጸመን ሰው ያስቀጣል። ሽማግሌ ግን የወንጀል ሕግ አንብቦ አይመጣም። ዓረብ አገሩም ቢሆን ለደቡብ ወሎ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም፤ በቆርቆሮ የተሠራው አዲስ ቤት ሳዑዲ ባለች ልጅ ብር የቆመ መሆኑን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ደግሞ ለመሄድ 8ኛ ክፍልን ማጠናቀቅ ግዴታ አድርጎ ነበር። ዓላማው ልጆቹን ለመጠበቅ ነበር፤ ለድሃ ቤተሰብ ግን የ8ኛ ክፍል ካርዱ የ9ኛ ክፍል መግቢያ ከመሆኑ በፊት የጉዞ ወረቀት ሆኖ ታየ።

ታዲያ ትንሽ ድጋፍ ይህንን ሁሉ ይረታል? ከዚሁ ክልል የመጣ ማስረጃ አለ። ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ በሚባል ቀበሌ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተሞከረ። ለልጃገረዶቹ የትምህርት መሣሪያ ተሰጠ፣ ከመካሪ ጋር የሚገናኙበት ቡድን ተቋቋመ፤ ሳትዳር ሁለት ዓመት ለቆየች ልጅ ቤተሰብ ደግሞ አንድ በግ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልገባበት ቀበሌ ልጆች ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ፤ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸውም ጨመረ። ከ15 ዓመት በላይ ለነበሩት ግን አልሠራም፤ ጋብቻቸው አልቀነሰም። በኋላ በአማራ ክልል በተደረገ ሌላ ጥናት ደብተርና እስክሪብቶው የያዘው ከ12 እስከ 14 ዓመት ያለችውን ልጅ ሲሆን፣ ከ15 እስከ 17 ያሉትን ያቆየው ላልተዳረችበት ለእያንዳንዱ ዓመት የተሰጠው ሁለት ዶሮ ነበር፤ ጋብቻቸውን በግማሽ ቀነሰው።

እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው። ትልቋ ልጅ በእጇ ብቻ ሳይሆን ወደ ቤቱም የሚገባ ነገር ያስፈልጋታል። ጉልበቷ ለቤቱ ውሃ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የታናናሾቿ ሞግዚት ነው። ስትሄድ የሚጎድለውን ያላሰበ ስኮላርሺፕ ከእናቷ ጋር ያጣላታል እንጂ አያስተምራትም።

ሌላው ስህተት ምርጫው ላይ ነው። ድጋፍ ሰጪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አንደኛ የወጣችው ማን ናት?» ብሎ ነው። አንደኛ የወጣችው ብዙ ጊዜ ውሃ የሚቀዳላት ሰው ያላት ናት። ከክፍሉ ሃያኛ የወጣችው፣ ጧት ከምንጭ ተመልሳ አርፍዳ የምትገባው፣ ማንም አይጠራትም። ውጤቱ ሲለካም ስንቷ ዩኒቨርሲቲ እንደገባች ይጠየቃል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በዚህ መስፈሪያ ከተሰፈረ የከተማውም ልጅ ወድቋል። በ18 ዓመቷ ያልተዳረች፣ ውል አንብባ የምትፈርም፣ ሒሳብ የምትይዝ ልጅ ማትሪክ ባታልፍም ገንዘቡ አልባከነም።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ውጫሌንና ሐይቅን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ተዘረፉም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ዳግም ግጭት ውስጥ ገባ፤ ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች በሚሊዮን ተቆጠሩ። አንድ ዓመት የተዘጋ ትምህርት ቤት ወንዱን አንድ ዓመት ወደኋላ ያስቀረዋል። ሴቷ ግን ቤት በተቀመጠችበት ዓመት ሽማግሌውም ደላላውም ይመጣሉ። ትምህርት ቤት ተዘጋ ብሎ ድጋፉን የሚያቆም ሰው የሚያቆመው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ያላችሁ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች፣ ለሠርግና ለተዝካር እንደምታዋጡት ለዚህም እንደምታዋጡ አውቃለሁ። ሃያኛ የወጣችውንም ጠይቁ። ብሩም ኅዳር ላይ አይድረስ፤ ያኔ ክፍሉ ለሌላ ተከራይቷል፣ ልጅቷም ወይ ተድራለች ወይ ሄዳለች። የመስከረም ኪራይ የሚከፈለው ነሐሴ ላይ ነው።