ካቡን ማን አሰበው?

ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል የሚሄድ ሰው በፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝና ከብት እንጂ ደን አያይም። ወደ ደጋው ሲወጣ ግን እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ያጋጥመዋል፤ ከመሀሉም ቤተ ክርስቲያን አይጠፋም።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርጠው ዛፉን፣ ቁጥቋጦውንና ሐረጉን ሲቆጥሩ 168 ዝርያ አገኙ። ከአርሶ አደሩ ማሳ የጠፋው አገር በቀል ዛፍ በደብሩ ቅጥር ውስጥ አለ። አንድ ነገር ግን አሳሰባቸው፤ ትልልቁ ዛፍ ሞልቶ ተተኪው ችግኝ አነስተኛ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ በገላውዴዎስና በደብረ ሰና ደኖች ውስጥ ከፊሉን መሬት አጠሩ፣ ከፊሉን ክፍት ተዉ። ከዚያም የጽድ፣ የወይራ፣ የሎልና የጥቁር እንጨት ችግኞችን ተከታተሉ። በአጥሩ ውስጥ ያለው ጸድቆ አደገ፤ ክፍት በተተወው ላይ ግን ከብት እየጋጠና እየረገጠ ፈጀው። ሽማግሌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ የሚተካቸው አልነበረም ማለት ነው።

ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ካህናቱን ሰብስበው የደኖቻቸውን የሳተላይት ምስል አሳዩ። መፍትሔው ከካህናቱ መጣ፤ ደኑን በድንጋይ ካብ እንክበበው አሉ። ድንጋዩ ከየማሳው ተለቀመ። ለማረሻ እንቅፋት የነበረው ለደኑ አጥር ሲሆን ገበሬውም መሬቱ ጸዳለት።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ፒተር ስከል፣ ካትሪን ካርደለስና ባልደረቦቻቸው ጣሊያኖች በ1938 ከአውሮፕላን ያነሷቸውን ፎቶዎች ከ2015 ምስሎች ጋር አስተያዩ። በደኖቹ ዙሪያ የነበረው ቁጥቋጦ ተመንጥሯል። የደኖቹ ስፋት ግን በአብዛኛው አልቀነሰም፤ ባሕር ዛፍ ተተክሎባቸው የሰፉም አሉ። በእነዚህ ዓመታት መካከል የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ መጥቷል፤ ቤተ ክርስቲያንም ሰፊ የእርሻ መሬቷን አጥታለች። ደኑ ግን በካህናቱና በምእመኑ እጅ ቆየ። መንግሥት ቢለወጥም "ይህ የደብሩ ነው፣ አይቆረጥም" የሚል፣ ሲልም የሚሰማ ሰው ነበረው።

በፎገራ ሜዳ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። የዓሣ መራቢያና የወፎች ማረፊያ የሆነው የሸሸር ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1987 ስፋቱ 1557 ሄክታር ነበር፤ በ2008 የቀረው 136 ሄክታር ብቻ ነበር። ውሃው በሸሸ ቁጥር እርሻው ተከተለው፣ የተረፈውንም ፓምፕ ሳበው። የወል መሬት ስለሆነ ሁሉም ይጠቀምበት ነበር፤ እስከዚህ ብቻ ብሎ የመከልከል ሥልጣን ያለው ግን አልነበረም።

ሸሸርን ማዳን የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ከሁሉ በፊት የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ በረግረጉ ዳር የሚኖረው ገበሬ፣ ዓሣ አጥማጅና ከብት አርቢ ድንበሩን የመወሰንና የማስከበር መብት ይሰጠዋል ወይ? ካቡንም ያሰቡት ደኑ የእኛ ነው ያሉት ናቸው።