ግድግዳው አጠገብ

ሥራው ገና አዲስ በሆነብኝ ሰሞን፣ ግራው የልብ ደም ቅዳ ግንድ ለሁለት የሚከፈልበትን መገንጠያ በኮምፒውተር ሞዴል ሠርቼ ለአንድ አንጋፋ የልብ ሐኪም አሳየኋቸው። ደሙ ቧንቧው በጠበበበት ስፍራ ሲሮጥ በቀይ፣ ካለፈ በኋላ ሲያዘግም በሰማያዊ ይታያል። ትንሽ ተመለከቱና «ያምራል ልጄ፤ ግን ኮሌስትሮሉ የቱ ጋ ነው የሚከማቸው?» አሉኝ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ አንድ ቦታ አሳየኋቸው።

ማታ ግን ልቤ አላረፈልኝም። ስሌቱ የሚካሄድበትን መረብ ግድግዳው አጠገብ ይበልጥ አድቅቄ እንደገና አስኬድኩት። የፍጥነቱ ሥዕል እምብዛም አልተለወጠም። ግድግዳው ላይ ያለው የኮሌስትሮል ተሸካሚው ኤል.ዲ.ኤል. መጠን ግን ተለወጠ፤ ከፍተኛ ክምችት የታየበትም ስፍራ ጣቴን ካሳረፍኩበት ራቀ።

ምክንያቱ ኤል.ዲ.ኤል. ግድግዳው ላይ በሚከማችባት ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። የኤል.ዲ.ኤል. ቅንጣት ስፋቱ 22 ናኖሜትር ገደማ ነው። በደም ውስጥ በራሱ የሚሰራጨው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ፍሰቱ ነው። በሌላ በኩል የደሙ ውሃ ጥቂት በጥቂት ወደ ቧንቧው ግድግዳ ይሰርጋል። ጠላ ሲጠለል አተላው ጨርቁ ላይ እንደሚቀር፣ ኤል.ዲ.ኤል.ም አብዛኛው ማለፍ አቅቶት በግድግዳው ገጽ ላይ ይቀራል። ፈጣን ፍሰት ጠርጎ ይወስደዋል፤ ደሙ በሚያዘግምበት ግን ይከማቻል። ቧንቧው 4 ሚሊሜትር ያህል ቢሰፋም ይህ ንብርብር ብዙ ጊዜ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። የመረቡ ዓይን 50 ማይክሮን ከሆነ ንብርብሩ በሙሉ አንድ ዓይን ውስጥ ይዋጣል። ኮምፒውተሩም ምንም ሳያስጠነቅቅ አማካዩን ይሰጣል።

መገንጠያ ላይ ደሙ የሚያርፈው ሁለቱን ቅርንጫፎች በሚለየው ምላስ ላይ ስለሆነ እዚያ ግድግዳውን የሚፈትገው ኃይል፣ ማለትም ሰበቃው፣ ብርቱ ነው። ከምላሱ ማዶ ባሉት የውጭ ግድግዳዎች ግን ይደክማል። ከጠባቡ ስፍራ በኋላም ደሙ ከግድግዳው ተለይቶ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሰበቃውም ያንሳል። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪ ኮሊን ካሮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 የስብ ክምችት የሚጀምረው ሰበቃው ደካማ በሆነበት ስፍራ መሆኑን አሳይተዋል። በዘመኑ ግን ብርቱ ሰበቃ ግድግዳውን ይጎዳል የሚል ሐሳብም ጎልቶ ይሰማ ነበር።

ከሲቲ ምስል ተነሥቶ በጠባብ ስፍራ የሚጠፋውን የደም ግፊት በስሌት ማግኘት ዛሬ ወደ ሕክምናው ገብቷል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2014 ፈቅዶታል። ግፊት ግን ከኤል.ዲ.ኤል. ይልቅ ቻይ መለኪያ ነው፤ መረቡ ሻካራ ቢሆን እንኳ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ግድግዳ ላይ ስላለው ኤል.ዲ.ኤል. ሲጠየቅ እንዲህ ያለ ምሕረት የለም። ስለዚህ ዛሬ ማንኛውንም ሥራ ቢያንስ በሦስት መረቦች አስኬዳለሁ፤ እያደቀቅኩ ስሄድ የግድግዳው ቁጥር ካልረጋ ለማንም አላሳይም። አብረውኝ ለሚሠሩ ወጣቶችም የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ የሥዕሉ ማማር ለስሌቱ ምስክር አይሆንም።

ያኔ ታዲያ በሳምንቱ ወደ ሐኪሙ ተመልሼ «ያን ዕለት ያሳየሁዎት ቦታ ስሕተት ነበር» አልኳቸው። አዲሱን ውጤት ረጋ ብለው አዩት። «ልብ በመታ ቁጥር ይህ ቧንቧ ይታጠፋል፣ ይጎተታል። ያንተው ይንቀሳቀሳል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አይንቀሳቀስም» አልኳቸው። የቀጣዮቹን ወራት ሥራ የጀመርኩት ከዚያች መልስ ነው።