ኔትዎርክ መማር ለምትፈልጉ፦ ከሰርተፍኬቱ በፊት ኬብሉ

«ኔትዎርክ ለመማር መጀመሪያ የትኛውን ሰርተፍኬት እንውሰድ?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ትጠይቁናላችሁ። ሰርተፍኬቱ ይቆያችሁ፤ መጀመሪያ ኬብል መሥራት ልመዱ።

ጅቡቲ ከተማ ለዚህ ሙያ መጥፎ ቦታ አይደለችም። እስያን፣ አፍሪካንና አውሮፓን የሚያገናኙ በርካታ የባሕር ኬብሎች እዚህ ወደ የብስ ይወጣሉ፤ የኢትዮጵያም ኢንተርኔት ከፊሉ በዚሁ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ ለስደተኛ የመሥራት መብት ሰጥቷል። ግን ጀማሪ ሥራ የሚያገኘው በትንሽ ቢሮ፣ በሆቴል ወይም በኢንተርኔት ቤት ነው። እዚያ የሚጠየቀውም «ይሄ ኮምፒዩተር ለምን አይሠራም?» ነው፤ ያውም በፈረንሳይኛ!

በኬብሉ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ 8 ሽቦዎች አሉ። የተለመደው አደራደር ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ ነው። አረንጓዴዎቹ ለምን ተለያዩ? 3ኛውና 6ኛው ቦታ አብረው የሚሠሩ ጥንድ ስለሆኑ ነው። አንዳንዱ ቀለሞቹን እንደ ጥንዳቸው ይደረድርና «ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ይበቃል» ይላል። ርካሹ መሞከሪያ መብራቱን ሁሉ ያበራለታል፤ መስመሩ ረዘም ሲል ግን ይቆራረጣል። ጥምዝማዜው የጎረቤት ሽቦን ረብሻ የሚያጠፋው አብረው የተጠማዘዙት ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ነውና። ጫፉ ላይም ጥምዝማዜውን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አትፍቱ። አንዱ መስመር ከ100 ሜትር አይለፍ።

ቀጥሎ «ፒንግ» የሚባለውን ትእዛዝ ልመዱ። መጀመሪያ 127.0.0.1ን፣ ከዚያ የራሳችሁን አድራሻ፣ ከዚያ የራውተሩን፣ መጨረሻ የውጭ አድራሻ ጥሩ። ራውተሩ እየመለሰ ውጪው ዝም ካለ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከእናንተ ኬብል ሳይሆን ከራውተሩ ወዲያ ነው። ይሄን በቅደም ተከተል የሚያደርግ ሰው ሥራ ላይ አይደናገጥም።

ራውተርና ስዊች መግዛት ካልቻላችሁ የሲስኮ «ፓኬት ትሬሰር» በነፃ ይገኛል፤ መሣሪያዎቹን ኮምፒዩተር ላይ እያገናኛችሁ ትለማመዳላችሁ። «ሲሲኤንኤ» የሚባለውን ፈተና ለመውሰድ ቀድሞ የተያዘ ሰርተፍኬት አይጠየቅም። ክፍያው ግን 300 ዶላር ገደማ ነው፤ የወደቀ ሰው ገንዘቡ አይመለስለትም። ስለዚህ ከዘመድ ተበድራችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት፣ አንድ ትንሽ ቢሮ ከነራውተሩ ፓኬት ትሬሰር ላይ ያለ መምህር ዘርግታችሁ አሳዩን።