ማህተሙ አይቀደድም

«ሰልፌት የሚለጠፈው ሰውነት ቆሻሻውን በሽንት እንዲያስወግድ ነው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር አንድ የማስተማሪያ ረቂቅ ሳርም አግኝቻት፣ በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዛት ወረቀቱ ተበሳ። ለፓራሲታሞል ልክ ናት፤ እንደ ሲሲኬ-8 ላለ ፔፕታይድ ግን ነገሩን ገልብጣ ታስተምራለች።

ሲሲኬ-8 የኮሌሲስቶካይኒን (ሲሲኬ) ሆርሞን አጭር ቅጽ ነው፤ ስምንት አሚኖ አሲድ ነው፤ ሰልፌቱ ከእነሱ አንዱ በሆነው ታይሮሲን ላይ ተቀምጧል። ትንሹ አንጀት ቅባት ሲደርሰው የሚልከው ደብዳቤ ነው እንበል፤ ሰልፌቱ ማህተሙ። ሐሞት ከረጢት ማህተም የሌለውን የሚመልስ ግትር ጸሐፊ ነው፦ ሰልፌቱ ከጎደለ የፔፕታይዱ ኃይል በመቶዎች እጥፍ ይወርዳል። የጨጓራው ጋስትሪን ተቀባይ ግን ማህተም ኖረም አልኖረም ያስተናግዳል።

በእንስሳ ደም ውስጥ ደብዳቤው በደቂቃዎች ይቀደዳል። አሚኖፔፕቲዴዝ ኤ የተባለው ኢንዛይም ራስጌውን ይቆርጣል፤ ኔፕሪላይሲን የተባለው ደግሞ መሃሉንና ግርጌውን። ጉበት በር ላይ የቆመ ጥበቃ ነው፦ ባለ 8 መስመሩን ይይዛል፣ ረጅሙን የሆርሞኑን ቅጽ፣ ባለ 33 መስመሩን፣ በአመዛኙ ያሳልፋል። (አጭሩን ይዞ ረጅሙን የሚያሳልፍ ጥበቃ የትም አይቼ አላውቅም፤ ምሳሌዬን ግን አልተውም።) ቀዳጆቹ ሁሉ ማህተሙን አይነኩም። ታይሮሲኑ ሰልፌቱን እንደያዘ በኩላሊት በኩል ይወጣል፤ በጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥ መገኘቱም እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ሳላነሳ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎቹ ጊብስ፣ ያንግና ስሚዝ ለተራቡ አይጦች ሲሲኬን ሲወጉ አይጦቹ ትንሽ ብቻ በሉ። «ጠገቡ» ተባለ። «የለም፣ አጥወለወላቸው» ያሉም ተነሡ። አይጥ ማስመለስ ስለማትችል ምስክርነቷ አይገኝም! እኔ ግን መጠኑ ሲያንስ ጥጋብ፣ ሲበዛ ማጥወልወል ነው ከሚሉት ጋር ነኝ። ይባስ ብሎ እነዚያ አይጦች ሐሞት ከረጢት የላቸውም፤ አይቪና ኦልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1928 ሐሞት ከረጢትን ሲያኮማትር አይተው የሰየሙት ሆርሞን የጥጋብ ዝናውን ያገኘው በእነሱ ላይ ነው።

ወደ ማህተሙ ልመለስ። የእንስሳ ሙከራ ውጤት ስታነቡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ፔፕታይዱን ለመከታተል የተለጠፈው ጨረር አመንጪ ምልክት የተቀመጠው የት ላይ ነው? በሰልፌቱ ሰልፈር ላይ ከሆነ፣ በሽንት የተለካው ማህተሙ ብቻ ነው። ደብዳቤው ሙሉ ይሁን ብጥስጣሽ ያ ቁጥር ብቻውን አይነግራችሁም።