ሆት ሮድን አንስቶ ማቆም፤ ፋብሪካው የማይመልሰው ጥያቄ

ተራ የቤት መኪና ጎማው ሲተነፍስ ሹፌሩ ክሪኩን የት እንደሚያስገባ ብዙ አይጨነቅም። ፋብሪካው ቦታውን አጠንክሮ ሠርቶ፣ ምልክት አድርጎ፣ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ በሥዕል አሳይቶለታል። ሆት ሮድ ይህ ሁሉ የለውም። ሆት ሮድ የሚባለው ባለቤቱ አሮጌ የአሜሪካ መኪና ይዞ ትርፍ አካሉን አራግፎ፣ ጣሪያውን ወይም ሻንሲውን ቆርጦ፣ ጠንካራ ሞተር ጭኖ፣ ወደ መሬት አስጠግቶ ለፍጥነትና ለዓይን እንደገና የሠራው መኪና ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ለፍሬን፣ ለኩሽኔታ ወይም ለዘይት ሥራ ማንሳት ሲያስፈልግ "የት ይያዝ?" ለሚለው ጥያቄ የሚመልስ ፋብሪካ አይገኝም። መልሱን መያዝ ያለበት የሠራው ወይም የገዛው ሰው ነው። አደጋው የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ ከደካማ ክሪክ አስቀድሞ፣ የመኪናው ክብደት በየት አልፎ ወደ መሬት እንደሚወርድ ካለማወቅ ነው።

ይህ ባሕርይ ከትውልዱ የመጣ ነው። በ1930ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች ርካሽ የፎርድ መኪኖችን እየገዙ፣ የጭቃ መከላከያውንና ክብደት የሚጨምረውን ሁሉ እየነቀሉ፣ እንደ ሙሮክ ባሉ የደረቁ ሐይቆች ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ፍጥነታቸውን ይለኩ ነበር። በ1937 ውድድሩን በደንብ የሚያስኬደው የደቡብ ካሊፎርኒያ ታይሚንግ አሶሲዬሽን ተቋቋመ፤ በጥር 1948 ደግሞ ሮበርት ፒተርሰን "ሆት ሮድ" የተባለውን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። የዚህ ዓለም ንጉሥ የ1932ቱ ፎርድ ነው። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ተራ ሰው ሊገዛው በሚችል ዋጋ ይዞ የመጣ፣ ሲወጣ 65 የፈረስ ጉልበት የነበረው መኪና ነው። ያ መኪና ግን እንደ ወጣ አልቀረም። ከ1939ኙ ፎርድ የዘይት ፍሬን፣ በ1955 ከወጣው ሼቭሮሌት ሞተር፣ በ1957 ከጀመረው ባለ 9 ኢንች የፎርድ ዲፈረንሻል እየተወሰደ ተገጠመለት። በአንድ ሻንሲ ላይ የሦስትና የአራት መኪና ሥራ ስለሚሰበሰብ፣ ለጠቅላላው ክብደት ኃላፊነት የሚወስድ አንድም መሐንዲስ የለም።

ጉዳዩን ከፊት እግሩ እንጀምር። የ1932ቱ ፎርድ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ የብረት አክስል አለው፤ ከላዩ ደግሞ በመኪናው ወርድ የተዘረጋ አንድ ባሌስትራ ተቀምጧል። የባሌስትራው መሐል በሻንሲው የፊት ተሻጋሪ ብረት ላይ ይታሰራል፤ ሁለቱ ጫፎቹ አክስሉን ወደ ጎማዎቹ በተጠጋ ቦታ ይይዙታል። መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ክብደቱ በባሌስትራው ጫፎች በኩል አክስሉን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ጎማዎቹ ከዳር ሆነው ወደ ላይ ይገፉታል። ክሪክ ከአክስሉ መሐል ሥር ሲገባ ይህ አያያዝ ይገለበጣል። መሐሉ ወደ ላይ ይገፋል፣ ዳር ዳሩ ወደ ታች ይጎተታል፤ ብረቱ በየቀኑ ከሚሸከመው በተቃራኒ ይጎብጣል። የድሮው ጠንካራ ብረት ይህን ለጥቂት ደቂቃ ይችለው ይሆናል። ሚዛኑ ግን ሌላ ነገር ነው። የፊቱ ክብደት በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍ መኪናው በሁለት የኋላ ጎማና በአንድ የክሪክ ራስ፣ በሦስት ማዕዘን ላይ ይቆማል፤ የማዕዘኑ ጠባብ ጫፍ ደግሞ ከባዱ ሞተር ባለበት በኩል ነው። ስለዚህ መሐሉን ይዞ ማንሳት ቢፈቀድ እንኳ ለማንሳት ብቻ ነው፤ ክብደቱን ተቀብለው የሚያቆሙት ከባሌስትራው ጫፎች አጠገብ፣ በግራና በቀኝ የሚገቡ ሁለት ካቫሌቶዎች (ቋሚ የብረት መደገፊያዎች) መሆን አለባቸው።

የካቫሌቶው ቦታ ደግሞ በሥራው ዓይነት ይለያያል። ፍሬንና ኩሽኔታ ብቻ የሚነካ ከሆነ ከአክስሉ ሥር ማቆም ይበቃል፤ ባሌስትራው መንገድ ላይ እንዳለ ተጭኖ ይቆያል። አክስሉ ወይም ባሌስትራው ራሱ የሚወርድ ከሆነ ግን ካቫሌቶዎቹ ወደ ሻንሲው መዛወር አለባቸው። ያኔ አክስሉ ይንጠለጠላል፤ ባሌስትራው ግን ሥራ የፈታ ቢመስልም በጫፎቹ ላይ አሁንም ተወጥሯል፤ ማያያዣውን ያለ መወጠሪያ መሣሪያ የሚፈታ ሰው ብረቱ ሊፈናጠርበት ይችላል። ሻንሲውም ቢሆን ሁሉም ቦታው አንድ አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ጎኑ ክፍት ስለነበር ካቫሌቶ በቀጭኑ ከንፈሩ ላይ ካረፈ ያጣምመዋል። ብዙ ሠሪዎች ክፍቱን ጎን በብረት በይደው ይዘጉታል፤ ያልተዘጋ ከሆነ ግን ደህናው ቦታ ተሻጋሪው ብረት ከጎኑ ብረት ጋር የሚገናኝበት ነው።

ከኋላ በኩል ፈተናው ይብሳል፤ ምቹው ቦታና ጠንካራው ቦታ የሚለያዩት እዚህ ነውና። ከመኪናው ጀርባ ለተንበረከከ ሰው ክሪኩ ቀጥ ብሎ የሚገባው ከዲፈረንሻሉ ሆድ ሥር ነው። በአንዳንዱ ዲፈረንሻል ይህ ሆድ ወፍራም ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ መያዣ ይሆናል። በባለ 9 ኢንቹ ፎርድ ግን የጀርባው ክብ ክፍል ተጨፍልቆ የተሠራ ላሜራ ነው፤ የክሪኩ ራስ ሊያሰረጉደው ይችላል። ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስተው በሆት ሮድ ሰዎች ዘንድ እንደ ጌጥ የሚታየው፣ ጥርሱ ከኋላ በቶሎ የሚቀየረው የሃሊብራንድ ዲፈረንሻል ነው። ሽፋኑ ከማግኒዥየም ወይም ከአሉሚንየም የፈሰሰ ቀላል ብረት ሲሆን ከውስጡ ጥርሶችና ዘይት አሉበት። ከኋላ መጥቶ ክሪክ ለሚገፋ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ትክክለኛው መያዣ ከዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ የሚወጣው የአክስል ቱቦ ነው፤ ያውም የፍሬን ቱቦው በላዩ አልፎ እንዳይጨፈለቅ በእጅ ዳስሶ ከተረጋገጠ በኋላ። የሞተሩ ኮፓ፣ ካምቢዮው፣ የመሪው ዘንግና ማርሚታው በምንም ምክንያት መያዣ አይሆኑም።

ሆት ሮድ ዓይን የሚስብ ነገር መሆኑ ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። በዘመናዊ መኪና ከሥር ያለውን ብረት ማንም አያየውም። የ1932ቱ ፎርድ የሻንሲ ጎን ግን ከበሩ በታች በግልጽ ይታያል፤ ባለቤቱ እንደ መኪናው አካል አሳምሮ ይቀባዋል፤ አክስሉን በክሮም ያስለብጠዋል። ስለዚህ እጁ ጠንካራውን ቦታ ትቶ ቀለም ወደሌለበት ደካማ ቦታ ይሸሻል። በክሮም የተለበጠ ክብ ቱቦ በብረት የክሪክ ራስ ላይ ሲቀመጥም ይንሸራተታል። ለዚህ መፍትሔው ለክሪኩ ራስና ለካቫሌቶው የሚሆን ወፍራም ጎማ ማዘጋጀት ነው፤ ቀለሙንም ያድናል፣ መንሸራተቱንም ይቀንሳል። ከፋይበርግላስ የተሠራ አካል ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ በዘመናዊ መኪና የለመደ ሰው ጠርዙን ይዞ ሊያነሳው ይሞክር ይሆናል። በዚያ ጠርዝ ሥር የተጠናከረ ብረት የለም፤ አካሉ ራሱ በሻንሲው ላይ የተቀመጠ ጭነት ነው።

ቦታው ከታወቀ በኋላ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ሎጂክ ያለው ነው። ወለሉ ደልዳላና ጠንካራ ኮንክሪት ሊሆን ይገባል፤ ፀሐይ ያለሰለሰው አስፋልት ላይ የካቫሌቶው እግር ይሰምጣል። መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረጋል። የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ ኋላው ሲነሳ ምንም የሚይዘው የለም፤ በብዙ ሆት ሮድ ላይም ደካማ ነው ወይም ጭራሽ የለም። አውቶማቲክ ካምቢዮን በፓርኪንግ ማቆምም አያድንም፤ አንድ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲለቅ ዲፈረንሻሉ ያኛውን ጎማ እንዲዞር ይፈቅድለታልና። በጎማ የሚሄደው የወለል ክሪክ ደግሞ ቀጥ ብሎ አያነሳም፤ ክንዱ በቅስት ስለሚወጣ መኪናው ሲነሳ ክሪኩ ትንሽ መንቀሳቀስ ያስፈልገዋል። የክሪኩ ጎማዎች በጠጠር ወይም በስንጥቅ ከተያዙ የሚንቀሳቀሰው የክሪኩ ራስ ነው፤ ከመያዣው ሥር ሾልኮ ይወጣል። ሆት ሮድ ብዙ ጊዜ አፍንጫውን ደፍቶ የሚቆም በመሆኑ የፊትና የኋላ ካቫሌቶዎች ቁመት ተለይቶ መለካት አለበት። ክብደቱ በካቫሌቶዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ማንም ከሥር ሳይገባ መኪናው ከጎን በእጅ ይገፋል፤ የሚወድቅ ከሆነ ያኔ ይውደቅ።

ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚቀርቡ መቃወሚያዎች አሉ፤ ሁሉም ባዶ አይደሉም። የመጀመሪያው "ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው፤ ክሪኩም አዲስና ጠንካራ ነው" የሚል ነው። የዘይት ክሪክ ጭነቱን የሚይዘው በትንሽ ጎሚኒና በአንድ ቫልቭ ታግዞ ነው፤ ጎሚኒው ሲያረጅ ወይም ከቫልቩ ሥር ቆሻሻ ሲገባ መውረዱን አስቀድሞ አይናገርም። አምስት ደቂቃ መሆኑም ክርክሩን አያጠናክረውም፤ ካቫሌቶ ለማስገባት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድምና። ሁለተኛው መቃወሚያ "ሆት ሮድ ቀላል ነው" ይላል። ከዘመናዊ ከባድ መኪና ጋር ሲወዳደር እውነት ነው፤ የተራገፈ የ1932 ፎርድ አንድ ቶን አካባቢ ነው። የዚያ ግማሹ ግን ደረት ላይ ሲያርፍ ሰው የሚተነፍስበት ቦታ አያስቀርም። ቀላልነቱ ሌላም ጣጣ አለው፤ ሞተሩ ወይም የኋላ አክስሉ ሲወርድ ከመኪናው ጠቅላላ ክብደት ትልቅ ድርሻ በአንድ ጊዜ ስለሚጠፋ የክብደቱ ማዕከል ይሸሻል። ጠዋት የተረጋጋ የነበረ አቋቋም ከሰዓት በኋላ ሊያጋድል ይችላል።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ ጠንካራው ነው፤ "ካቫሌቶውም እኮ ይከዳል" ይላል። ይከዳል። በ2020 ሃርበር ፍሬይት የተባለው የአሜሪካ የመሣሪያ ሻጭ ከ1 ሚሊዮን በላይ ካቫሌቶዎችን ከገበያ ሰብስቧል፤ ጥርሱ መያዣውን በበቂ ጥልቀት ላይነክስ፣ ጭነት ላይ እያለም ሊለቅ ይችል ስለነበር። ምትክ ሆነው ከተሰጡትም አንዳንዶቹ በብየዳ ጉድለት ተመልሰው ተሰብስበዋል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግን ወደ ክሪክ መመለስ አይደለም፤ አንድ ነገር ብቻ የሰውን ሕይወት እንዳይሸከም ማድረግ ነው። ወፍራም ፒን የሚሻገርበት ካቫሌቶ ከባለ ጥርሱ ይልቅ የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው። የተጻፈበት የመሸከም አቅም ብዙ ጊዜ ለአንዱ ሳይሆን ለጥንዱ መሆኑንም ማስተዋል ይገባል። ከካቫሌቶው በተጨማሪ የወለቀውን ጎማ ከሻንሲው ሥር አጋድሞ ማስቀመጥ ወይም ወፍራም እንጨት አነባብሮ መደርደር ሁለተኛ መከታ ይሆናል። እንጨት ከመሰበሩ በፊት እየተጨመቀ ድምፅ ያሰማል። ብሎኬት ግን ባዶ ሆዱ ላይ ጭነት ሲያርፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈረካከሳል፤ ከመኪና ሥር ፈጽሞ ቦታ የለውም።

በመጨረሻ "ባለ ሁለት ምሰሶ ማንሻ ያለው ጋራዥ መውሰድ ይበቃል" የሚል አለ። ማንሻው የዘይቱን ክሪክ ሥጋት ያስቀራል፤ "የት ይያዝ?" የሚለውን ጥያቄ ግን አያስቀርም። አራቱ ክንዶች ማረፊያ ይፈልጋሉ፤ የመኪናው ሻንሲ ጠባብ ነው፣ ሆዱም ለመሬት ቅርብ ነው፤ መካኒኩም በዘመናዊ መኪና ልማድ ጠርዙን ሊፈልግ ይችላል። ጎማው እንደቆመ የሚነሳበት ባለ አራት ምሰሶ ማንሻ ለዘይትና ለማርሚታ ሥራ የተሻለ ነው፤ አክስል ለማውረድ ግን ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። ጥያቄው የሆት ሮድ ባለቤቶች ብቻም አይደለም። በአዲስ አበባ ጎዳና ዛሬም የሚታየው አሮጌ ቮልስዋገን ከፋብሪካው የክሪክ ማስገቢያ ነበረው፤ ማስገቢያው የተበየደበት የወለሉ ጠርዝ ግን በዝገት የሚበላ ቦታ ነው። ፋብሪካው የሰጠውን መልስ ዕድሜ ሲሰርዘው የቮልስ ባለቤትም ከካሊፎርኒያው ሰው ጋር እኩል ይሆናል።

ስለዚህ ሆት ሮድ የሚሠራ ሰው ሞተሩን ካስነሳ በኋላም አንድ ሥራ ይቀረዋል። መኪናውን ከሥር ሥሎ፣ ክሪክ የሚገባባቸውን ነጥቦች፣ ለየሥራው ካቫሌቶ የሚቆምባቸውን ቦታዎችና ቁመታቸውን፣ ፈጽሞ የማይነኩትንም ለይቶ በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር አለበት፤ ወረቀቱም መኪናው ሲሸጥ ከቁልፉ ጋር ለገዢው ይተላለፋል። ይህን ወረቀት መጻፍ ያልቻለ ሠሪ የመኪናውን ክብደት ገና አልተረዳውም። ክብደቱን ያልተረዳ ሰው ደግሞ ብየዳው ይጸና፣ ፍሬኑ ይይዝ እንደሆነ በምን ያውቃል? ገዢም ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት "የት ይዤ ላንሳው?" ብሎ ይጠይቅ፤ ከመልሱ የሠሪውን ሙያ ይለካበታል።